ፊልሙ በማን ቋንቋ ይናገር? አርደሺር ኢራኒ እና የህንድ የመጀመሪያው ተናጋሪ ፊልም

ድምፅ ወደ ህንድ ሲኒማ የገባበት ዕለት በውል ይታወቃል። ማርች 14 ቀን 1931፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 5 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ በቦምቤይ ከተማ ማጀስቲክ በተባለው ሲኒማ ቤት «አላም አራ» የተሰኘው ፊልም ለሕዝብ ቀረበ። ገንዘቡን ያወጣውም፣ ቀረጻውን የመራውም አርደሺር ኢራኒ የሚባል የ44 ዓመት ነጋዴ ነበር። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው በአጭሩ ነው፤ ኢራኒ የአሜሪካ ተናጋሪ ፊልም አይቶ ተደነቀ፣ መሣሪያ አስመጣ፣ ተፎካካሪዎቹን ቀድሞ ሠራ ይባላል። ይህ አተራረክ ሐሰት የለበትም፤ ዋናውን ችግር ግን ይዘለዋል። መሣሪያ ገንዘብ ላለው ሰው የሚገኝ ዕቃ ነበር፤ እንዲያውም ከታች እንደምንመለከተው የኢራኒ መሣሪያ በጊዜው ከነበሩት ደካማ ከሚባሉት ወገን ነው። በገንዘብ የማይፈታው ጥያቄ ሌላ ነበር፤ በመቶ የሚቆጠሩ ቋንቋዎች በሚነገሩበት አገር ፊልሙ አፉን ሲከፍት በየትኛው ቋንቋ ይናገር? የኢራኒን ጉዳይ ለማጥናት የሚያበቃውም ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስና መልሱ ያስከተለው ነገር ነው።

ፎኖግራፍ ሻጩ

አርደሺር ኢራኒ ዲሴምበር 5 ቀን 1886 ፑና ከተማ ውስጥ ከኢራን የመነጨው የዞራስተር እምነት ተከታዮች ቤተሰብ ተወለደ። ወደ ፊልም ከመምጣቱ በፊት የሙዚቃ መሣሪያና የፎኖግራፍ፣ ማለትም የተቀዳ ድምፅ ማጫወቻ፣ ንግድ ይሠራ ነበር፤ ቀጥሎም የአሜሪካው ዩኒቨርሳል ኩባንያ የህንድ ወኪል ሆኖ የውጭ ፊልም ማከፋፈል ጀመረ። በ1914 አብዱላሊ ኤሱፋሊ ከተባለ ሰው ጋር በሽርክና የቦምቤዩን አሌክሳንደር ሲኒማ ያዙ፤ በ1918 ደግሞ ማጀስቲክን አሠሩ። ኤሱፋሊ ድንኳኑንና ማሳያውን ይዞ በበርማ፣ በሲንጋፖርና በአካባቢው ደሴቶች እየዞረ ፊልም ሲያሳይ የኖረ ሰው በመሆኑ ተመልካች ምን እንደሚወድ ከማንም ይልቅ ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል።

ኢራኒ ራሱ ፊልም ወደ ማምረት የገባው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው። አንዱን ኩባንያ እያቋቋመ፣ አንዱን እየተወ ከቆየ በኋላ በመካከለኛዎቹ 1920ዎቹ ኢምፔሪያል ፊልም ኩባንያን መሠረተ። ስለዚህ ድምፅ በመጣ ጊዜ በአንድ እጁ ስቱዲዮ፣ በሌላው እጁ ሲኒማ ቤት ነበረው፤ የሠራውን ፊልም ይቀበሉኝ ይሆን ብሎ የማንንም ደጅ መጥናት አያስፈልገውም። የፎኖግራፍ ንግዱንም እንደ ተራ የወጣትነት ሥራ ማለፍ የለብንም ባይ ነኝ። የተቀዳ ድምፅ በገንዘብ እንደሚሸጥ፣ ሰው ዘፋኙን ሳያይ ለድምፁ ብቻ ኪሱን እንደሚፈታ ከሲኒማ ሰዎች ሁሉ ቀድሞ ያየው በሱቁ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ድምፅ አልባው ፊልም የነበረው ነፃነት

ድምፅ አልባው ፊልም ለህንድ ነጋዴ የተመቸ ዕቃ ነበር። በምስሎቹ መካከል የሚገቡት ጽሑፎች በሁለት፣ በሦስት፣ አንዳንዴም በአራት ቋንቋ ተደርድረው ይታያሉ፤ ማንበብ ለማይችለው ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብ ሰው ይቆማል። ጽሑፉን ብቻ በመቀየር አንድ ፊልም ከሰሜን ፔሻዋር እስከ ደቡብ ማድራስ ይሸጣል። ተዋናይቱ ምን ቋንቋ እንደምትናገር የሚጠይቅ የለም። የኢምፔሪያል ትልቋ ኮከብ ሱሎቻና በእውነተኛ ስሟ ሩቢ ማየርስ የምትባል፣ ከባግዳድ የመጡ አይሁድ ዘር የሆነች፣ ቀድሞ የስልክ ኦፕሬተር የነበረች ወጣት ናት፤ የህንድ ንግሥት ሆና ስትተውን ሂንዱስታኒዋ መሰባበሩን የሚሰማ ተመልካች አልነበረም።

ይህ ሁሉ አደጋ ላይ የወደቀው በ1929 ነው። በዚያ ዓመት ማዳን ቲያትርስ የተባለው የካልካታ ኩባንያ በኤልፊንስተን ሲኒማ ቤቱ አንድ የአሜሪካ ተናጋሪ ፊልም አሳየ። ማዳን በህንድ፣ በበርማና በሲሎን ከመቶ በላይ ሲኒማ ቤቶች ይዞ የነበረ ግዙፍ ድርጅት ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን የህንድ ተናጋሪ ፊልም የሚሠራው እሱ ነው ተብሎ ቢገመት የሚገርም አልነበረም። ኢራኒ በበኩሉ ቦምቤይ ውስጥ በኤክሴልሲየር ሲኒማ የዩኒቨርሳልን «ሾው ቦት» አየ። ይህ ፊልም ከፊሉ ብቻ የሚናገር፣ የቀረው ድምፅ አልባ የሆነ የመሸጋገሪያ ዘመን ሥራ ነው። ኢራኒ ከዚያ ወጥቶ ሙሉ በሙሉ የሚናገር ፊልም ለመሥራት ወሰነ፤ ውሳኔውንም ከተፎካካሪዎቹ ደብቆ ያዘ።

የቲያትሩ መንገድ

የመጀመሪያው ብልህ እርምጃ የታሪኩ ምርጫ ነው። ኢራኒ አዲስ ድርሰት አላስጻፈም፤ ጆሴፍ ዴቪድ የተባለው የቦምቤይ አይሁዳዊ ፀሐፌ ተውኔት ለፓርሲ ቲያትር የጻፈውን፣ በመድረክ የተወደደውን ተውኔት ወሰደ። ነገሩ የቤተ መንግሥት ታሪክ ነው፤ አንድ ንጉሥ ሁለት ሚስቶች አሉት፣ አንዲቷ ወራሽ እንደምትወልድ በአንድ ፈቂር፣ ማለትም በምጽዋት በሚኖር መናኝ፣ ይተነበያል፣ ሌላዋ በቅናት ተነሥታ የጦር አዛዡን ታሳስራለች፣ የአዛዡ ልጅ አላም አራ በዘላኖች መካከል አድጋ ተመልሳ ከልዑሉ ጋር ትገናኛለች።

የፓርሲ ቲያትር ምን እንደነበረ ካልታወቀ የዚህ ምርጫ ጥቅም አይታይም። በቦምቤይ ዞራስተራውያን ነጋዴዎች የተቋቋሙት እነዚያ የቲያትር ጓዶች ለበርካታ አሥርት ዓመታት ህንድን ከዳር እስከ ዳር ሲዞሩ ኖረዋል። ሥራቸው ሲሰፋ የከተማቸውን ጉጃራቲ ትተው ሂንዱስታኒን፣ ማለትም የሂንዲና የኡርዱ ተናጋሪዎች በገበያና በጎዳና የሚግባቡበትን የጋራ ልሳን፣ የመድረክ ቋንቋ አድርገዋል። ስለዚህ ኢራኒ ፊልሙ ሂንዱስታኒ ይናገር ብሎ ሲወስን በጨለማ አልዘለለም። የቲያትር ሰዎች ያንን ቋንቋ በሺህ በሚቆጠሩ ምሽቶች ፈትነውት፣ ቋንቋው ቤቱ ባልሆነም ከተማ ትኬት እንደሚያሸጥ አረጋግጠውለታል። ቦምቤይ ራሷ የማራቲና የጉጃራቲ ከተማ መሆኗ እዚህ ላይ መታወስ አለበት፤ ኢራኒ የመረጠው የሰፈሩን ቋንቋ ሳይሆን የገበያውን ነው።

ውሳኔው ወዲያውኑ ሰዎችን መለየት ጀመረ። ዋናዋን ሴት ገጸ ባሕርይ መጫወት የሚገባት ሱሎቻና ነበረች፤ ነገር ግን ቋንቋውን አቀላጥፋ ስለማትናገር ቦታው ለዙበይዳ ተሰጠ። ዙበይዳ በ1926 ፊልም የመራችው፣ የህንድ የመጀመሪያዋ ሴት ዳይሬክተር የምትባለው የፋትማ ቤጉም ልጅ ናት። ለወንዱ መሪ ተዋናይ ማስተር ቪትሃል ተመረጠ፤ እሱ የሰይፍና የዝላይ ጀግና ነበር። ከሌላ ስቱዲዮ ጋር ውል ስለነበረው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ጥብቅና የቆመለትም በኋላ ፓኪስታንን የመሠረተው ሙሐመድ አሊ ጂናህ እንደነበረና እንደረታለት ይተረካል። በዚህ ሁሉ ድካም የተገኘው ተዋናይ ግን ሲናገር ማራቲ ማራቲ የሚል ሆነ። መፍትሔው ቁጭ ብሎ ለሚያስብ ሰው አስቂኝም አሳዛኝም ነው፤ ልዑሉ በብዙ ትዕይንት ላይ ራሱን እንደ ሳተ፣ በድንዛዜ ውስጥ እንዳለ ሰው ሆኖ እንዲታይ ተደረገ። በዝላዩ የታወቀው ጀግና በመጀመሪያው ተናጋሪ ፊልም ላይ ከሁሉ ያነሰ የሚናገር ሰው ሆነ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው የህንድን ሲኒማ የሞሉት ፕሪትቪራጅ ካፑርም በዚህ ፊልም ተውነዋል፤ እሳቸው ከመድረክ የመጡ በመሆናቸው ድምፅ አላስቸገራቸውም።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። ኢራኒ ያስመጣው ታናር የተባለ፣ ምስልና ድምፅን በአንድ ነጋቲቭ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቀርጽ ካሜራ ነው። ማይክሮፎኑ የተቀበለውን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ኤሌክትሪኩ ብርሃንን ያወዛውዛል፤ ያ ብርሃን በፊልሙ ጠርዝ ላይ ከምስሉ ጎን ቀጭን የድምፅ መስመር ያሳርፋል። ችግሩ ምስልና ድምፅ የሚፈልጉት የፊልም አካሄድ የተለያየ መሆኑ ነው። ምስሉ እንዲቀረጽ ፊልሙ በሌንሱ ፊት በየቅጽበቱ ቆም እያለ መሄድ አለበት፤ ድምፁ ግን አንዳች መንገጫገጭ የሌለበት አካሄድ ይሻል። ስለዚህ ድምፁ የሚጻፈው ከሌንሱ ራቅ ብሎ ነው፤ በፊልሙ ላይም ምስሉና የዚያው ቅጽበት ድምፅ ጎን ለጎን አይገኙም። ይህ ማለት ኤዲተሩ ምስሉን በመቀስ በቆረጠ ቁጥር የሌላ ቅጽበት ድምፅ አብሮ ይቆረጣል። ምስልና ድምፅን በሁለት የተለያዩ ፊልሞች ላይ የሚቀርጹት ውድ መሣሪያዎች ይህ ጣጣ አልነበረባቸውም። በታናር ለሚሠራ ሰው የነበረው አማራጭ ትዕይንቱን ረዘም አድርጎ፣ ከመጀመሪያው አጥርቶ መቅረጽ ነው፤ ተዋናዩ ቃል ከሳተ እንደገና ከመጀመር በቀር መጠገኛ የለም።

መሣሪያውን ለመገጣጠም ዊልፎርድ ዴሚንግ የተባለ አሜሪካዊ የድምፅ ባለሙያ ቦምቤይ መጣ። በቀን 100 ሩፒ ጠየቀ ይባላል፤ የፊልሙ ጠቅላላ ወጪ 40,000 ሩፒ ያህል እንደነበረ ስናስብ የኢራኒን መደንገጥ መረዳት አያዳግትም። ኢራኒና ረዳቱ ሩስቶም ባሩቻ ሙያውን በአንድ ወር አካባቢ ከዴሚንግ ቀስመው ቀረጻውን ራሳቸው ቀጠሉ። ዴሚንግ በኋላ ስለ ህንድ ስቱዲዮዎች ሲጽፍ በቀጫጭን ምሰሶዎች ላይ መስታወት ወይም ጨርቅ የተዘረጋባቸው እንደነበሩ ገልጿል። ለፀሐይ ብርሃን የተሠራ ቤት ለድምፅ አይሆንም፤ የጨርቅ ጣራ የቁራ ጩኸት እንኳ አያግድም።

የኢምፔሪያል ስቱዲዮ ደግሞ ከባቡር ሐዲድ አጠገብ ነበር። ቀን ላይ በየጥቂት ደቂቃው ባቡር ያልፋል፤ ባቡር ባለፈ ቁጥር ቀረጻው ይበላሻል። በዚህ ምክንያት አብዛኛው ሥራ የተሠራው ባቡሮቹ በሚያርፉበት ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ነው። ማይክሮፎን አንጠልጥሎ የሚከተል ዘንግ ስላልነበረ ማይክሮፎኖቹን ካሜራው በማያያቸው ቦታዎች ሁሉ መደበቅ ግድ ሆነ። ተዋናዩም ማይክሮፎኑ ያለበትን አውቆ፣ ከዚያ ሳይርቅ፣ ፊቱን ወደዚያ መልሶ መናገር ነበረበት። ኢራኒ ራሱ ከዓመታት በኋላ ስለ ቀረጻው ሲጠየቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ይህንኑ የሐዲዱንና የማይክሮፎኑን ነገር ነው።

ሌሊት መሥራቱ አንድ ሌላ ጥቅም ነበረው፤ የተፎካካሪ ዓይን አይደርስበትም። ማዳን ዘመናዊ የአሜሪካ መሣሪያ አስገብቶ በካልካታ ትልቅ ሥራ ጀምሮ ነበር። በጥራት ከተለካ ማዳን ይበልጥ ነበር፤ ፊልሙን ለሕዝብ በማቅረብ ግን ኢራኒ ቀደመ።

ሰባቱ ዘፈኖች

«አላም አራ» ሁለት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ሲሆን ሰባት ዘፈኖች ነበሩት። የመጀመሪያው በዋዚር ሞሐመድ ኻን የተዘፈነ ነው፤ ሰውየው ፈቂር ሆኖ በእግዚአብሔር ስም ምጽዋት እየለመነ ይዘፍናል። ዘፈኑ ኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀድቶ የተለጠፈ አልነበረም፤ ተዋናዩ ካሜራው ፊት ቆሞ ሲዘፍን፣ ከእይታ ውጪ የተቀመጡት ሙዚቀኞች ሀርሞኒየምና ታብላ ያጅቡታል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቀረጻል። ዘፋኝ ሌላ፣ ከንፈር አንቀሳቃሽ ተዋናይ ሌላ የሚሆንበት አሠራር ወደ ህንድ ሲኒማ የገባው በ1935 በካልካታ ነው። እስከዚያ ድረስ መዝፈን የማይችል ሰው መሪ ተዋናይ መሆን ይከብደው ነበር።

ዘፈኑ ለጌጥ የገባ አይመስለኝም። የፓርሲ ቲያትር ያለ ዘፈን አይሆንም ነበር፤ ከዚህም በላይ ዘፈን ቋንቋ ለማይሰማው ተመልካች የሚደርስ የፊልሙ ክፍል ነው። ሂንዱስታኒ የማያውቅ የማድራስ ሰው ንግግሩ ቢያመልጠው ዜማው አያመልጠውም። በአዲስ አበባና በክፍለ ሀገር ሲኒማ ቤቶች አንዲት ቃል ሳይሰሙ የህንድ ፊልም እያዩ ያደጉ አንባቢዎቻችን ይህን ለማመን ሌላ ማስረጃ አያሻቸውም። የማዳን ኩባንያ ከሁለት ወር ተኩል በኋላ «ሺሪን ፋርሃድ» የተባለውን ፊልሙን ሲያወጣ 42 ዘፈን እንዳለው ይነገራል፤ ተፎካካሪው ከኢራኒ ፊልም የቀሰመው ትምህርት ምን እንደነበረ ይህ ቁጥር ያሳያል።

ማጀስቲክ ደጃፍ

የመክፈቻውን ቀን ሁኔታ የተረከው ሸሪኩ ኤሱፋሊ ነው። ሕዝቡ ከማለዳ ጀምሮ ማጀስቲክን ከቦ ስለነበር ባለቤቶቹ ራሳቸው ወደ ገዛ ቤታቸው ለመግባት ተቸገሩ። በዚያ ዘመን ለፊልም ተሰልፎ ትኬት መግዛት የተለመደ አልነበረም፤ የትኬት መሸጫው በግፊያ ተወረረ፣ ፖሊስም ተጠራ። የአራት አና ትኬት በጥቁር ገበያ አራትና አምስት ሩፒ ተቸበቸበ። አንድ ሩፒ 16 አና መሆኑን ልብ ይሏል፤ ዋጋው ከ16 እስከ 20 እጥፍ አሻቀበ ማለት ነው። ፊልሙ ለስምንት ሳምንት ያህል አዳራሹ ሞልቶ ታየ።

ዛሬ ይህን ፊልም ማየት የሚችል ሰው የለም። የህንድ ብሔራዊ የፊልም ቤተ መዛግብት በ1964 ሲቋቋም አንድም ቅጂ አላገኘም፤ በ2003 በደረሰው የእሳት ቃጠሎ ጠፋ የሚለው ተደጋግሞ የሚጻፍ ወሬ ትክክል አይደለም፤ ከዚያ ብዙ ቀድሞ ጠፍቷል። የዚያ ዘመን ፊልሞች ብር የተባለውን ማዕድን ለማውጣት እየተሸጡ ይቀልጡ ነበር። የዘፈኖቹም ሸክላ አልወጣም። ያሉን ፎቶግራፎች፣ ማስታወቂያዎችና የተሳታፊዎቹ ትዝታዎች ናቸው፤ ስለ ድምፁ ጥራት የሚሰነዘር ማንኛውም ፍርድ በእነዚህ ላይ የቆመ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቋንቋ

የኢራኒ ጉዳይ በአንድ ፊልም ቢያበቃ ኖሮ ዕድል ነው ለማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት፣ ኦክቶበር 31 ቀን 1931፣ «ካሊዳስ» የተባለውን የመጀመሪያውን የታሚል ተናጋሪ ፊልም አወጣ። ፊልሙ የተሠራው ቦምቤይ ውስጥ፣ ለ«አላም አራ» በተዘጋጀው መድረክ ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ኤች. ኤም. ሬዲ ነበር። መሪዋ ተዋናይት ቲ. ፒ. ራጃላክሽሚ ታሚል ስትናገር ወንዱ በቴሉጉ ይመልስላታል፤ ሌሎቹ ደግሞ ሂንዱስታኒ ይናገራሉ። በመካከሉ ከታሪኩ ጋር ምንም የማይገናኝ የጋንዲን የጥጥ መፍተያ የሚያወድስ ዘፈን ገብቷል። በዛሬ ሚዛን ቅጥ ያጣ ይመስላል። የፊልሙ ሪሎች በባቡር ማድራስ ሲደርሱ ግን ሕዝቡ ሣጥኑን አበባ እየበተነ፣ ኮኮናት እየሰበረና ዕጣን እያጨሰ እስከ ሲኒማ ቤቱ ሸኘው። ያ ሕዝብ የተቀበለው ጥሩ ፊልም ሳይሆን የገዛ ቋንቋውን ነው።

ኢራኒ ቀጥሎ ወደ አባቶቹ አገር ቋንቋ ዞረ። ቦምቤይ ይኖር የነበረው ኢራናዊ ጸሐፊ አብዶልሆሴን ሴፓንታ ጽፎት፣ ራሱም ተውኖበት፣ «የሎር ልጅ» የተባለው የመጀመሪያው የፋርስኛ ተናጋሪ ፊልም በኢምፔሪያል ስቱዲዮ ተሠርቶ በ1933 ቴህራን ውስጥ ታየ። በቦምቤይ ፋርስኛ የምትናገርና ካሜራ ፊት ለመቆም የምትፈቅድ ሴት ማግኘት ከባድ ነበር። የተገኘችው ሩሃንጊዝ ሳሚነዣድ የኬርማን አነጋገር ስለነበራት ገጸ ባሕርይዋ ከዚያ ጋር እንድትስማማ ተደረገ፤ የቪትሃልን ድንዛዜ የፈጠረው ዓይነት ብልሃት መሆኑ ነው። ፊልሙ ቴህራንን አጥለቀለቀ፤ ተዋናይቱ ግን በአደባባይ በመታየቷ ብዙ ስድብና ዛቻ ደረሰባት።

ሱሎቻናም አልቀረችም። ከፊልም ራቅ ብላ ሂንዱስታኒ አጥንታ ተመለሰች፤ ኢምፔሪያልም በድምፅ አልባው ዘመን ያሳወቋትን ፊልሞች አሁን በድምፅ እንደገና ሠራላት።

የድምፁ ዘመን ግን ኢምፔሪያልን ለዘለቄታው አላጸናውም። አንድ ፊልም በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚሸጥ ከሆነ፣ የታሚሉን ፊልም ለታሚል ተመልካች ማድራስ ያለ ስቱዲዮ ይሠራለታል፣ የቤንጋሊውን ካልካታ ይሠራዋል፤ የማራቲውን ደግሞ ፕራባት የተባለው ኩባንያ ከ1932 ጀምሮ ይዞታል። ኢራኒ ከቦምቤይ ሆኖ ለሁሉም የመሥራት ሐሳቡ በየአካባቢው ስቱዲዮ በተከፈተ ቁጥር እየጠበበ ሄደ። በ1937 «ኪሳን ካንያ» በተባለው ፊልም በህንድ የተቀነባበረውን የመጀመሪያ ባለቀለም ፊልም ሠራ፤ ቀለም ግን እንደ ድምፅ ሰልፍ አላስያዘም። በ1938 ኢምፔሪያል ተዘጋ፤ ሐዲዱ አጠገብ ያለው ስቱዲዮም ጆቲ ተብሎ ወደ ሌሎች እጅ ገባ። ኢራኒ የመጨረሻ ፊልሙን በ1945 ሠርቶ ኦክቶበር 14 ቀን 1969 በ82 ዓመቱ እዚያው ቦምቤይ አረፈ። የማራቲና የጉጃራቲ ተናጋሪዎች ከተማ የሆነችው ቦምቤይ በዚያ ጊዜ የሂንዲ ፊልም ዋና ከተማ ከሆነች አሥርት ዓመታት አልፈዋት ነበር፤ የታሚል፣ የቴሉጉና የቤንጋሊ ፊልሞችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ስቱዲዮ፣ ኮከብና ተመልካች ነበራቸው።